የካሚዮን የኋላ ጥርስ ስለ መለወጥ፤ ዳገት ለሚወጣና ሜዳ ለሚያቋርጥ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት

የድሬ ዳዋ ከተማ የተቆረቆረችው በዳገት ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር መጀመሪያ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ሳለ፣ ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ድካምና ወጪ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም.ም ባቡሩ ከዚህ ደረሰ። ሥፍራውም በዚያን ጊዜ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት በመጀመሪያ የጭነት ከብት፣ በኋላም ካሚዮን ወጣው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የምድር ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ አገልግሎት ሲሰጥ፣ እርሱም እንደ ፊተኛው ተራራውን ሳይወጣ በግርጌው ያልፋል። ስለዚህ ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ የሚሄደው ሩዝ፣ ዘይት፣ ሲሚንቶና ብረት ዛሬም የደንገጎን ዳገት የሚወጣው በካሚዮን ነው።

በዚህ መንገድ ዕቃ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መኪናዬ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ከቆመበት ሲነሣም ይዘገያል፤ የኋላውን ጥርስ ባስለውጠው ይበረታ ይሆን?» የሚል ነው። ባለ ጋራዡ ብዙውን ጊዜ «አዎን» ይላል፤ መልሱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። የኋላ ጥርስ መለወጥ እንደ ማንኛውም ንግድ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል ስለ ሆነ፣ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን አስቀድሞ ያልመዘነ ሰው ትርፍ ያገኘ መስሎት ይከስራል። ይህ ጽሑፍ ሚዛኑን በቁጥር ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

1ኛ. የኋላው ጥርስ ሥራ ምንድን ነው?

የሞተሩ ኀይል በፍሪሲዮንና በካምቢዮ አልፎ፣ በረጅሙ ዘንግ አማካይነት ወደ ኋላ ይሄድና ከዲፈረንሻሉ ይደርሳል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ተገናኝተው ይገኛሉ። ትንሹ ፒኞን፣ ትልቁ ኮሮና ይባላል። መካኒኮቻችን የሚጠሯቸው እንደ ካምቢዮና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከኢጣልያንኛ በመጣ ስም ነው። ፒኞኑ ከረጅሙ ዘንግ ጋር ይዞራል፤ ኮሮናውን ያዞራል፤ ኮሮናውም ጎማዎቹን ያዞራል።

ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 8 ጥርስ ቢኖራቸው፣ 41 ለ8 ሲካፈል 5.125 ይሆናል። ይህ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ረጅሙ ዘንግ 5.125 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ይህን ቁጥር የጥርስ ምጥጥን እንለዋለን። ፒኞኑ በባለ 7 ጥርስ ቢለወጥ ምጥጥኑ 5.857 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው በዝግታ ነገር ግን በበለጠ ጉልበት ይዞራል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ በፍጥነት ነገር ግን ባነሰ ጉልበት ይዞራል። በዚህ ጽሑፍ ፊተኛውን «የጉልበት ጥርስ»፣ ሁለተኛውን «የፍጥነት ጥርስ» እያልን እንጠራቸዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ጥርስ ኀይልን አይፈጥርም። የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ያው ነው። ጥርሱ የሚያደርገው ያለውን ኀይል መመንዘር ብቻ ነው፤ ፍጥነትን ሰጥቶ ጉልበትን ይቀበላል፣ ወይም ጉልበትን ሰጥቶ ፍጥነትን ይቀበላል።

2ኛ. ዳገት ላይ የሚገኘው ጥቅም

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መካከለኛ ካሚዮን አለን እንበል። የሞተሩ የማዞር ኀይል 35 ኪሎ ግራም ሜትር፣ የሦስተኛ ማርሹ ምጥጥን 1.6፣ የጎማው ዙሪያ 2.45 ሜትር ይሁን፤ ከኀይሉም ከመቶ 10 በመንገድ ላይ በፍትጊያ ይባክናል ብለን እንያዝ። ይህን ስናሰላ ካሚዮኑ በሦስተኛ ማርሽ የሚገፋበት ጉልበት፣ በ5.125 ምጥጥን 662 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በ5.857 ምጥጥን ደግሞ 757 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ጭማሪው ከመቶ 14 ነው።

አሁን ካሚዮኑ በሜዳ ላይ ነው እንበል። ጎማው በአስፋልት ላይ ለመንከባለል 96 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይፈልጋል። ከዚህ የሚተርፈው ጉልበት በፊተኛው ጥርስ 566፣ በሁለተኛው 661 ነው። መኪናው ፍጥነት የሚያነሣው በዚህ ትርፍ ነውና፣ አነሣሡ ከመቶ 17 ገደማ ይሻሻላል። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሹፌሩ ማርሽ የሚለውጥበት ጊዜም ቶሎ ስለሚደርስ፣ በሜዳ ላይ የሚታየው ለውጥ ከዚህም ያነሰ ነው።

መንገዱ ከመቶ 5 የሚነሣ ዳገት ሲሆን፣ ይኸውም መቶ ሜትር ሲሄድ አምስት ሜትር ከፍ ሲል፣ የሚፈለገው ግፊት 496 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ትርፉ በፊተኛው ጥርስ 166፣ በሁለተኛው 261 ይሆናል። ጥርሱ በከመቶ 14 ብቻ ሲለወጥ ትርፉ በከመቶ 57 አደገ ማለት ነው። የጉልበት ጥርስ ያስለወጠ ነጋዴ «መኪናዬ ዳገት ላይ ሌላ መኪና ሆነ» የሚለው ስለዚህ ነው። ትርፉ ጠባብ በሆነበት ቦታ ትንሽ ጭማሪ ብዙ ትሆናለችና።

ዳገቱ ከመቶ 8 ሲደርስ ደግሞ የሚፈለገው ግፊት 736 ኪሎ ግራም ነው። የፊተኛው ጥርስ 662 ብቻ ስለሚሰጥ ሦስተኛ ማርሽ አይችለውም፤ ሹፌሩ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል። የሁለተኛ ማርሹ ምጥጥን 2.8 ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የጉልበት ጥርስ የገባለት ካሚዮን ግን በሦስተኛ ማርሽ፣ በዚያው የሞተር ዙር፣ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ይወጣል። በአሥር ኪሎ ሜትር እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ልዩነቱ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ባለ ፊተኛው ጥርስ በሁለተኛ ማርሽ ይህን ፍጥነት ማግኘት ቢሻ ሞተሩን በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ማስጮህ ይኖርበታል። ከዚህም በቀር ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ቆሞ የሚነሣ መኪና የጉልበት ጥርስ ሲኖረው ፍሪሲዮኑ ብዙ ሳይንሸራተት ስለሚነሣ፣ የፍሪሲዮኑ ዕድሜ ይረዝማል።

3ኛ. ሜዳ ላይ የሚከፈለው ዋጋ

ያው ካሚዮን ከዳገቱ ተመልሶ ወደ ደወሌና ወደ ጅቡቲ ይውረድ። ማርሹ ቀጥታ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ በፊተኛው ጥርስ በሰዓት 86 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ በአዲሱ ጥርስ 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በዝግታ ቢነዳም፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሞተሩ በፊት 2,092 ጊዜ ይዞር የነበረው አሁን 2,391 ጊዜ ይዞራል። ልዩነቱ በአንድ ኪሎ ሜትር 299 ዙር ነው። ከድሬ ዳዋ እስከ ደወሌ ያለው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ካሚዮኑ ይህን ሁሉ በዚሁ ማርሽ ቢጓዝ በአንድ ጉዞ ብቻ ሞተሩ 60,000 ጊዜ ያህል ትርፍ ይዞራል።

ትርፍ ዙር ማለት ትርፍ ናፍታ፣ ትርፍ ዘይት፣ ትርፍ ሙቀትና የሞተር ማርጀት ማለት ነው። በቆላው ሐሩር ደግሞ ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ የሚሠራ ካሚዮን የጉልበት ጥርስ ቢገባለት፣ ባለቤቱ በየወሩ የማይታየውን ዕዳ ይከፍላል።

4ኛ. ለውጡ ለማን ይጠቅማል?

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር መንገዱ ዳገት መሆኑ ብቻ ሳይሆን ጭነቱ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ነው። የድሬ ዳዋ ንግድ ከዚህ አንጻር ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው፣ ከባቡር ጣቢያና ከደረቅ ወደብ ዕቃ አንሥቶ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅጅጋና ወደ ሐረርጌ ደጋ የሚያወጣው ነጋዴ ነው። የድሬ ዳዋ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መኪናው በአጭር ርቀት ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ የሚወጣውም ሙሉ ጭነት ይዞ ነው። የጉልበት ጥርስ በእውነት የሚጠቅመው ለዚህ ነጋዴ ነው።

ሁለተኛው፣ የአወዳይን ጫትና የሐሮማያን አትክልት ወደ ጅቡቲ የሚልክ ነው። ጫት ትኩስነቱ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚጠፋና ጎመንም በሙቀት ስለሚጠወልግ፣ ይህ ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ይቸኩላል፤ ስለ ቸኮለም «ቶሎ የሚነሣ መኪና» ይፈልጋል። ነገር ግን ጭነቱ ዳገት አይወጣም፤ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያም ሜዳውን ያቋርጣል። ዳገቱን የሚወጣው ባዶ ሲመለስ ነው። እንግዲህ የሚያስቸኩለው ጉዳይ የፍጥነት ጥርስ እንጂ የጉልበት ጥርስ አይፈልግም። በመነሻ ላይ ጥቂት ሰከንድ አትርፎ በሜዳው ላይ ብዙ ደቂቃ መክፈል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛው፣ አንዱን ካሚዮን ዛሬ ለዳገት፣ ነገ ለሜዳ የሚያሠራ ነው። ለዚህ ሰው ከሁለቱ ጫፍ አንዱን መያዝ አይበጅም። ካምቢዮው ብዙ ማርሽ ያለው፣ የመጨረሻውም ማርሽ ከቀጥታው የፈጠነ መኪና ቢመርጥ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው መኪና የጉልበት ጥርስ ቢኖረውም በሜዳ ላይ ሞተሩን ያሳርፋል። ሁለት ምጥጥን ያለው የኋላ ዘንግም በፋብሪካ ይሠራል፤ ሹፌሩ እንደ መንገዱ አንዱን ወይም ሌላውን ያስገባል።

ስለ ቁልቁለት አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። የጉልበት ጥርስ በአንድ ማርሽ ላይ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበትን ኀይል በከመቶ 14 ይጨምራል፤ ይህም ከደንገጎ ለሚወርድ መልካም ነው። ሆኖም የመኪናውን ፍሬን አያጠነክርም። ሹፌሩ በወጣበት ማርሽ እንዲወርድ፣ ፍሬኑንም ረግጦ በመያዝ እንዳያግል የሚያዝዘው ደንብ በማንኛውም ጥርስ ላይ ያው ነው። ለውጡን ምክንያት አድርጎ ጭነት የጨመረ ነጋዴ ግን በንብረቱ ብቻ ሳይሆን በሹፌሩና በመንገደኛው ነፍስ ላይ ይፈርዳል።

5ኛ. ጥርስ ከመለወጥ በፊት

ዳገት ላይ የሚደክም መኪና ሁሉ የጥርስ ችግር አለበት ማለት አይደለም። አስቀድሞ ሊመረመሩ የሚገባቸው፣ ወጪያቸውም ከጥርስ ለውጥ የሚያንሱ ነገሮች አሉ።

የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ እንደ ሆነ፣ የናፍታ ማጣሪያውና መርጫዎቹ ንጹሕ እንደ ሆኑ፣ ፍሪሲዮኑ እንዳይንሸራተት፣ ፍሬኑም ሳይረገጥ ጎማውን እንዳይዝ ይታይ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኀይሉ ከመቶ 10 ያህል ያጣል። ስለዚህ በደጋው ላይ መድከሙ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ጎማውም ይታይ። ዙሪያው 2.45 ሜትር የነበረውን ጎማ አውጥቶ 2.60 ሜትር የሆነውን ያስገባ ሰው፣ ሳያውቀው የኋላ ጥርሱን በከመቶ 6 ወደ ፍጥነት ለውጦታል። እንዲህ ላለው መኪና መድኀኒቱ ዲፈረንሻል መክፈት ሳይሆን ፋብሪካው ያዘዘውን ጎማ መመለስ ነው።

ከዚያም ያለው ምጥጥን ስንት እንደ ሆነ ይረጋገጥ። ብዙ ካሚዮኖች ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፉ ዲፈረንሻላቸው ስለሚለወጥ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ብቻ አይታመንም። ዘዴው ቀላል ነው። መኪናው ባዶውን በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማዎቹና መሬት ላይ የሚቀረው የኋላ ጎማ ታኮ ይደረግላቸዋል፤ ካምቢዮው ከማርሽ ይወጣል፤ ከኋላ አንዱ ወገን ብቻ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ይያዛል። በረጅሙ ዘንግና በተነሣው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ፣ ጎማው በትክክል ሁለት ጊዜ ሲዞር ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ይቈጠራል። ሌላው ጎማ መሬት ይዞ ስለሚቆም፣ የአንዱ ሁለት ዙር ከኮሮናው አንድ ዙር ጋር እኩል ነው። ዘንጉ ከአምስት ዙር ጥቂት ካለፈ ምጥጥኑ 5.125 አካባቢ፣ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 5.857 አካባቢ ነው።

6ኛ. ሲለወጥ የሚጠበቁ ነገሮች

ፒኞንና ኮሮና በፋብሪካ አብረው የሚፋተጉ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚታተምባቸው ጥንዶች ናቸው። ከአንዱ መኪና ፒኞን፣ ከሌላው ኮሮና ወስዶ ማጋባት አይገባም፤ ቢጋቡም መጮህ፣ ከዚያም መሰበር ይከተላል። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተትና የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በመለኪያ እንጂ በእጅ ግምት አይወሰንም። ጥሩ መካኒክ የኮሮናውን ጥርስ ቀለም ቀብቶ ካዞረ በኋላ፣ የቀለሙ አሻራ በጥርሱ መካከል ማረፉን ለባለቤቱ ያሳያል። ይህን ለማሳየት የማይፈልግ ጋራዥ ሥራውን ባይሰጡት ይሻላል።

አንዳንዱ የዲፈረንሻል ቤት ማንኛውንም ምጥጥን አይቀበልም፤ የፒኞኑ ውፍረት ሲለወጥ የኮሮናው መቀመጫም ይለወጣልና። በዚህ ጊዜ ከዚያው ዓይነት መኪና ሙሉውን ዲፈረንሻል መግዛት የተሻለ ነው። ከኋላ ሁለት የሚነዱ ዘንጎች ያሉት ትልቅ ካሚዮን ከሆነ ሁለቱም እኩል መለወጥ አለባቸው። ምጥጥናቸው ከተለያየ አንዱ ከሌላው ጋር እየታገለ ጎማውንና ጥርሱን ይፈጃል። ፊቱም የሚነዳ መኪና እንዲሁ ነው።

ጥርሱ ከተለወጠ በኋላ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች የበለጠ ጉልበት ይሸከማሉ፤ ፒኞኑም ጥርሱ ሲያንስ ራሱ ይቀጥናል። ስለዚህ ጭነትን መጠበቅ ከበፊቱ ይልቅ ግዴታ ይሆናል። ዘይቱ ፋብሪካው ለዲፈረንሻል ያዘዘው ዓይነት ይሁን፤ ከመጀመሪያው ጥቂት ጉዞ በኋላም የብረት ብናኙን ይዞ እንዲወጣ ይለወጥ።

የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ከካምቢዮው የሚነሣ ከሆነም ይስተካከል። ካልተስተካከለ መኪናው በሰዓት 75 ሲሄድ 86 ያነባል፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝም 114 ይቈጥራል። የትራንስፖርት ዋጋ በኪሎ ሜትር የሚከፍል ነጋዴ፣ እንዲሁም አሮጌ ካሚዮን የሚገዛ ሰው፣ ይህን ልብ ይበል።

7ኛ. ለአስመጪዎች

ከሁሉ የሚሻለው ጥርስን መለወጥ ሳይሆን መጀመሪያውኑ የሚገባውን ማዘዝ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች አንዱን ካሚዮን በተለያየ ምጥጥን ይሸጣሉ፤ ገዢው ሳይጠይቅ ሲቀር ግን ሜዳማ ለሆነ አገር የተሠራው ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ማቅረቢያ ሲጠየቅ የሞተሩ ጉልበትና የሚጭነው ቶን ብቻ ሳይሆን፣ የኋላው ጥርስ ምጥጥን፣ የየማርሹ ምጥጥንና የጎማው ልክ በጽሑፍ እንዲገለጥ ማድረግ ይገባል። መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴም ፒኞንና ኮሮናን በመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን በጥርስ ቍጥራቸው፣ 41 ለ8 ወይም 41 ለ7 እያለ ይዘዝ። ስማቸው አንድ ሆኖ ጥርሳቸው የተለያየ ዕቃዎች ከመደብር ውስጥ ሳይሸጡ ገንዘብ ይዘው ይቀራሉ።

የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። መኪናው በዓመት ውስጥ ከሚሄደው መንገድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣው ምን ያህሉ እንደ ሆነ ባለቤቱ ከጉዞ መዝገቡ አውጥቶ ይቍጠር። የሚበዛው ጭነትና ዳገት ከሆነ የጉልበት ጥርስ ዋጋውን ይመልሳል፤ የሚበዛው ሜዳ ከሆነ ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ፣ ለማጣሪያና ለፍሬን ያውለው። ከአንድ ካሚዮን ሁለቱንም በሙሉ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ ጥርስ መመንዘሪያ እንጂ ገንዘብ ማተሚያ አይደለምና።